ጀርባውን ለበሩ የሰጠው ወንበር

ባለቤቴ ደምሴ ካረፈ ሰባተኛ ወሩን ይዟል። እኔ ጡረታ የወጣሁት ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ያኔ፣ "በይ እንግዲህ ቁጭ ብለሽ የሠራሽውን ጻፊ፤ ጠረጴዛውን እኔ እሠራልሻለሁ" አለኝ። እሱ ጠረጴዛውን ሠርቶ መስኮቱ ሥር አቆመልኝ። እኔ ግን ዛሬ ነገ ስል ቆየሁ። አሁን በዚያ ጠረጴዛ ላይ እጽፋለሁ። በቀን ከአንድ ገጽ በላይ አይሄድልኝም፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ጽፌ የምነሣበት ቀንም አለ። ደጎሎ የምታስተምረው ልጄ ስትመጣ ገጾቹን ትቆጥርና፣ "እማ፣ ይሄ እኮ በቅሎ ላይ ሆነሽ የምትጽፊው ነው የሚመስለው" ትለኛለች። ትሳቅብኝ። ቤታችን ሳቅ ከጠፋበት ቆይቷል።

ሥራ የጀመርኩት አቀስታ ነው፣ በጽሕፈት መኪና ጸሐፊነት። ደርግ ከወደቀ ብዙም አልቆየም ነበር። የአቀስታ ብርድ ጣት ያደነዝዛል፤ ጠዋት ጠዋት መኪናዋን ከመንካቴ በፊት እጆቼን ብብቴ ውስጥ አስገብቼ አሞቃለሁ። አለቃዬ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ሠራተኛውን የሚያውቁት ግን በደመወዝ መክፈያው ዝርዝር ላይ በተጻፈው ስሙ ነበር። ደምሴን ያገኘሁት እዚያ ነው፤ የቢሯችንን መደርደሪያ ሊሠራ ከመካነ ሰላም መጥቶ። ተጋባንና ዝውውር ጠየቅሁ፤ መካነ ሰላም ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ፣ በሠራተኛ አስተዳደር ክፍል ተመደብኩ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጽፍም፤ ከዚህ በታች የምናገረው የራሴን ጥፋት ስለሆነ ስሙ ምን ያደርጋል።

የክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ይመር ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ በጋም ክረምትም አንድ ግራጫ ኮት የሚለብሱ፣ ምርኩዝ የማይለያቸው ሰው። አንድ ልማድ ነበራቸው። አዲስ ሠራተኛ ሲመደብ፣ የምደባውን ደብዳቤ ከመፈረማቸው በፊት ሰውየው የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ራሳቸው ግማሽ ቀን ይቀመጣሉ። ፀሐይዋ ዓይን ውስጥ ትገባ እንደሆነ፣ መሳቢያው ሲሳብ ይነክስ እንደሆነ፣ ባለጉዳይ በየት በኩል እንደሚቆም፣ ሽንት ቤቱ ስንት እርምጃ እንደሚርቅ፣ መዝጊያው ከውስጥ ይዘጋ እንደሆነ ያያሉ። ሴት ሠራተኛ ከሆነች ከቤቷ እስከ ቢሮ ያለውን መንገድ በእግራቸው ይሄዱበታል።

"ጋሽ ይመር፣ ዛሬ ደግሞ ምን ሆነው ተቀጠሩ?" ይላቸዋል ሂሳብ ሹማችን።

"ዛሬ ተላላኪ ነኝ፤ ምን ላምጣልህ?" ይሉታል ሳይስቁ።

ከሸክላ ሠሪ ቤተሰብ የመጣች አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ነበረችን። በሻይ ክበባችን ውስጥ፣ ማንም አፍ አውጥቶ ሳይናገር፣ ጆሮው የተሰበረ አንድ ስኒ የእሷ ሆኖ ተለይቶ ነበር። ጋሽ ይመር ነገሩን ሲያዩ አልተቆጡም፤ ስብሰባም አልጠሩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ "ለእኔ ያችን ጆሮዋ የተሰበረችውን" እያሉ በዚያ ስኒ መጠጣት ያዙ። ልጅቱም የእሷ ስኒ ስለተያዘባት ባገኘችው ስኒ ጠጣች። ጥቂት ወር ሲያልፍ የትኛው ስኒ የማን እንደነበረ የሚያስታውስ ጠፋ። እኔ ይህን እያየሁ ሥራ የተማርኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ የማጠፋበት ምክንያት አልነበረኝም፤ አጠፋሁ እንጂ።

ዘይነባ መዝገብ ቤት ትሠራ ነበር። ስምንተኛ ክፍል ሳለች ማጅራት ገትር ታማ፣ ከሞት ብትተርፍም ሁለቱም ጆሮዎቿ ተዘጉ። መናገር አልጠፋባትም፤ ድምፅዋ ግን ከፍ ዝቅ የማይል፣ አንድ ወጥ ሆነ። ፊት ለፊት ሆኖ ቀስ ብሎ ላናገራት ሰው ከከንፈሩ ታነባለች። እንደሷ ያለ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ከዚያ በፊትም ከዚያም ወዲህ አላየሁም። የእያንዳንዱን ሠራተኛ ማህደር ገጽ በገጽ ቁጥር ትሰጠዋለች። አንድ ፋይል ሲወጣ በቦታው የመውጫ ካርድ ትተክላለች፦ ማን ወሰደው፣ መቼ ወሰደው፣ መቼ ይመልሳል። ሥራ አስኪያጁም ቢሆን ሳይፈርም አይወስድም።

ታናሽ እኅቷ ዓረብ አገር ነበረች። "ሥራውን ተይው፣ እኔ እልክልሻለሁ" ትላታለች። ዘይነባ ግን፣ "አላህ ይስጣት፣ የምትልከው ለእናቴ ይሆናል። ወንበር ግን ከጅዳ አይላክም" አለችኝ አንድ ቀን።

ያ ወንበር ጀርባውን ለበሩ የሰጠ ነበር። ጠረጴዛው ከመስኮቱ ጋር ተጠግቶ፣ እሷ ወደ ብርሃኑ ዞራ ስትጽፍ፣ መደርደሪያዎቹና በሩ ከኋላዋ ናቸው። እሷ የተቀጠረችው ጋሽ ይመር ወደ ክፍሉ ከመምጣታቸው በፊት ስለሆነ ያንን ወንበር ተቀምጠው አላዩትም። እኔም በየቀኑ ገብቼ እየወጣሁ አላየሁትም።

በአንዱ ክረምት የመዝገብ ቤቱ ጣሪያ አፈሰሰ። አያ ሰይድ የሚባሉ የጥበቃ ሠራተኛችን ጡረታቸው ደርሶ ነበር፤ የቅጥር ደብዳቤያቸው ረጥቦ ቀለሙ ሊለቅ ምንም አልቀረውም። ፊደሉ ጨርሶ ሳይጠፋ ቤት ወስጄ ልገለብጠው አሰብኩ። ስገባ ዘይነባ እንደ ልማዷ ጀርባዋን ሰጥታ ትጽፋለች። የመጀመሪያ ልጄን እርጉዝ ነበርኩ፤ ሆዴ ገፍቷል፣ እግሬ አብጧል። በመደርደሪያዎቹ መካከል ተሹለክልኬ ፊቷ ድረስ መሄድ፣ ትከሻዋን መንካት፣ ካርድ መፈረም ታከተኝ። ነገ እነግራታለሁ ብዬ ፋይሉን ነጠላዬ ሥር ይዤ ወጣሁ። ቤቴ እንደደረስኩ እርጥበት እንዳያገኘው ሳጥን ውስጥ፣ ለሕፃኗ ካዘጋጀሁት ጨርቅ ሥር ከተትኩት። በማግስቱ ምጥ ያዘኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ፋይሉ አንድም ቀን አላሰብኩም።

የወሊድ ፈቃዴን ጨርሼ ስመለስ ግምገማ ተጠርቶ ነበር። በዚያ ዘመን የሠራ ሰው ያውቀዋል፤ ላልደረሰበት ልንገረው። ሠራተኛው በሙሉ አዳራሽ ገብቶ ለቀናት እርስ በርሱ ይገማገማል። ሂስ የቀረበበት ሰው ተነሥቶ ይመልሳል፤ ያልመለሰ እንዳመነ ይቆጠራል። ጋሽ ይመር ለሕክምና ደሴ ሄደው ስለነበር ክፍሉን የወከልኩት እኔ ነበርኩ።

ስብሰባው ሊጀመር ሲል ዘይነባ ጋ ሄድኩ። "አንቺ ሥራሽን ሥሪ፤ ስብሰባው ይቅርብሽ" አልኳት።

"ሁሉም ሠራተኛ ይገባል ተብሎ የለ እንዴ?"

"ሦስት ቀን ሙሉ የሰው አፍ ስትቆጥሪ ልትውይ ነው? እኔ ፈቅጄልሻለሁ።"

ከንፈሬን አይታ፣ "እሺ፣ አንቺ ካልሽ" ብላ ወደ ወንበሯ ተመለሰች። ውለታ የዋልኩላት መስሎኝ ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

በሁለተኛው ቀን አያ ሰይድ ተነሡ። "የናንተን ዕቃ ዕድሜዬን ሙሉ ጠበቅሁ፤ አንዲት በርጩማ አልጠፋችም። እናንተ የእኔን አንዲት ፋይል መጠበቅ ያቅታችሁ?" አሉ። አዳራሹ ተንጫጫ። ያ ቤቴ የወሰድኩት ፋይል እኔን ትዝ አላለኝም።

"መዝገብ ቤት ያለችው ማን ናት?" አለ ሰብሳቢው።

"ዘይነባ።"

"የታለች?"

እኔ ተነሣሁ። "መስማት ስለማትችል እንዳትገባ ፈቅጄላት ነው" አልኩ።

ከኋላ አንዱ፣ "ለስብሰባ ያልሰማች ለሥራ በምን ትሰማለች?" አለ። አዳራሹ ሳቀ። ሌላው ቀጠለ፤ ከዚያ ሌላው። የጠፋ ነገር ሁሉ፣ የዘገየ ደብዳቤ ሁሉ በእሷ ላይ ተቆለለ። በመጨረሻ፣ "የቀረበባትን ሂስ ቀርባ አላስተባበለችም" ተብሎ በቃለ ጉባኤው ሰፈረ። ቃለ ጉባኤውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ ያችን ዓረፍተ ነገር የጻፈው የእኔ እጅ ነው። ከመዝገብ ቤት ተነሥታ ወደ አሮጌ ዕቃ ግምጃ ቤት እንድትዛወር፣ ፋይሉም በአንድ ወር ውስጥ ካልተገኘ ከሥራ እንድትሰናበት ተወሰነ።

ደብዳቤውን የሰጠኋት እኔ ነኝ። ሁለት ጊዜ አነበበችው። "ይሄ መቼ ነው የተባለው?"

"በስብሰባው።"

"እኔ እዚህ ሆኜ ስጽፍ?"

ራሴን ነቀነቅሁ። ብዕሯን፣ ማስመሪያዋንና የመውጫ ካርዶቿን ሰብስባ ወደ ግምጃ ቤቱ ሄደች።

ጋሽ ይመር ከደሴ ሲመለሱ ቃለ ጉባኤውን ቁጭ ብለው አነበቡ። መነጽራቸውን አወለቁና፣ "ወንበሯ ላይ ተቀምጠሽ ታውቂያለሽ?" አሉኝ።

"የማን?"

"የዘይነባ። እኔ አላውቅም። ነውር ነው።"

ተያይዘን መዝገብ ቤት ገባን። ከኪሳቸው ጥጥ አውጥተው በጧፍ ሰም ለውሰው ጆሮዬ ውስጥ ወተፉልኝ። "ተቀመጪና የሆነ ነገር ገልብጪ" አሉኝ በምልክት። ተቀመጥኩ። መጻፍ ጀመርኩ። መስኮቱ፣ ወረቀቱና የራሴ ትንፋሽ ብቻ ቀረ። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም፤ አንድ እጅ ትከሻዬን ሲነካኝ ከወንበሩ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። ጋሽ ይመር አራት ፋይል ታቅፈው ቆመዋል። ከኋላቸው ሂሳብ ሹሙ፣ ከእሱ ኋላ ደግሞ ተላላኪው፤ እነሱም በየእጃቸው ፋይል ይዘዋል።

ጥጡን አወጣሁ። "በሩን ሁለቴ ከፍተን ዘግተናል" አሉኝ። "አንዱን መደርደሪያ ብንጭንም አትሰሚም ነበር። አየሽ ልጄ? እዚህ ቤት ማንም እየገባ ማንኛውንም ፋይል ይወስዳል።"

ማንም እየገባ። ያን ጊዜ ነው ነጠላዬ ትዝ ያለኝ። ከወንበሩ ብድግ አልኩ። "ምነው?" አሉኝ። "ቤት ደርሼ ልምጣ" ብቻ አልኳቸው።

ደምሴ ግቢ ውስጥ መላጊያ ይዞ የበር ጣውላ እየላገ ነበር። አልፌው ገብቼ ሳጥኑን ከፈትኩ። የቀረውን የሕፃኗን ጨርቅ ሳነሣ ፋይሉ ሳጥኑ ወለል ላይ ተኝቷል። ደምሴ ተከትሎኝ ገብቶ ፋይሉን አየ፣ እኔን አየ። ሁሉን ነገርኩት። ከዚያም የመጣልኝን ሐሳብ ነገርኩት፦ "ወስጄ ከመደርደሪያው ኋላ ባስቀምጠው፣ ወድቆ ተገኘ ይባላል። ማንም አይጎዳም።"

የእንጨት ፍቅፋቂውን ከክንዱ ላይ አራገፈ። "እንዲያ ከሆነ ፋይሉ ይገኛል" አለ። "ዘይነባስ?"

ወደ ጣውላው ተመለሰ። እኔም ፋይሉን ለጋሽ ይመር ወስጄ ሰጠኋቸው።

ጋሽ ይመር ስብሰባው እንደገና እንዲጠራ ሰብሳቢውን ሁለት ቀን ለመኑት። እሳቸው የሚከበሩ ስለነበሩ፣ እሺ አለ። ያን ዕለት ዘይነባ ከፊት፣ ተናጋሪውን ፊት ለፊት በምታይበት ቦታ ተቀመጠች። ጋሽ ይመር ምርኩዛቸውን ከፍ አድርገው፣ "የሚናገር ሰው ወደ ፊት መጥቶ ይቺን ይያዛል። ያልያዘ አይናገርም። በእኛ ቀዬ ሽማግሌ ሲቀመጥ እንዲህ ነው" አሉ። እኔ ከዘይነባ አጠገብ ሆኜ ቃለ ጉባኤውን በትልልቅ ፊደል እጽፋለሁ፤ ከከንፈር ያመለጣትን ከወረቀቴ ታነባለች።

የእኔ ተራ ሲደርስ የሚጽፍ ጠፋ። ብዕሩን ለዘይነባ ሰጠኋት።

ምርኩዙን ይዤ ቆምኩ። በግለ ሂስ ጊዜ እንደምንለው፣ "አንዳንድ ድክመቶች ነበሩብኝ" ብዬ በፍጥነት ላልፍ አልቻልኩም። የምትጽፈው ከከንፈሬ ነው። ቀስ ብዬ፣ አንገቴን ሳልደፋ፣ ፊቷን እያየሁ፣ ቃል በቃል መናገር ነበረብኝ። "ፋይሉን የወሰድኩት እኔ ነኝ" አልኩ። ጻፈች። ቀና ብላ ጠበቀችኝ። "ካርድ አልፈረምኩም።" ጻፈች። "ዘይነባ እንዳትገባ ያደረግሁትም እኔ ነኝ።" እዚህ ላይ ብዕሯ ቆመ። እንደገና እንድለው በእጇ ምልክት ሰጠችኝ። እንደገና አልኩት።

አያ ሰይድ መጥተው ምርኩዙን ከእጄ ተቀበሉ። "ፋይሌ ተገኘ፣ አልሐምዱሊላህ። እሷም አራስ ነበረች፣ አውፍ ብያለሁ፤ ይቅር ብያለሁ" አሉ። "እናንተ ግን ተሰብስባችሁ የሳቃችሁባትን ልጅ ተሰብስባችሁ አውፍ በሉኝ በሏት።" አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ከመቀመጫው ተነሣ። ዘይነባ ይህንንም ጻፈችው።

ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ የዚያን ዓመት የእርከን ጭማሪም ቀረብኝ። ማስጠንቀቂያውን ማህደሬ ውስጥ ያስገባችው ራሷ ዘይነባ ናት፤ የገጽ ቁጥሩን ስትጽፍበት አጠገቧ ቆሜ ነበር። ያን ጊዜ እንዲህ አለችኝ፦ "ፋይሉን በመውሰድሽ አይደለም የከፋኝ። ስብሰባው ይቅርብሽ ስላልሽኝ ነው። ሲሰድቡኝ እንኳ በዓይኔ ባየሁ!" ከዚያ ሳቀች፤ እኔ አለቀስኩ። ለወራት ከሥራ ውጪ አላናገረችኝም፤ ልክ ነበረች። አንድ ቀን ሻይ ይዛልኝ መጣች። ስኒው ጆሮው የተሰበረው ነበር።

ጠረጴዛዋን ያዞርነው ወደ ሥራዋ በተመለሰችበት ሳምንት ነው። ደምሴ ከበሩ ላይ ሲባጎ ስቦ፣ በግድግዳው አሳልፎ፣ ጠረጴዛዋ ላይ ካለች ቀይ የተቀባች እንጨት ጋር አሰረው። በሩ ሲከፈት እንጨቷ ትነሣለች። ለዚህ ሁሉ የጠፋው ግማሽ ቀንና አንድ ጥቅል ሲባጎ ነው። ምርኩዙም በየስብሰባው መዞር ቀጠለ፤ ድምፃቸው በጫጫታው ውስጥ ይጠፋ የነበረ ሴቶች ሁሉ እሱን ሲይዙ መናገር ጀመሩ። ጋሽ ይመር ጡረታ ሲወጡ እዚያው ትተውልን ሄዱ። ነፍሳቸውን ይማር፤ የቻልኩትን ሁሉ ከእሳቸው ነው የተማርኩት።

በእሳቸው ቦታ የተተካሁት እኔ ነኝ፤ ወንበር ላይ መቀመጡንም ወረስኩ። አንድ ጊዜ በበቅሎ ወደ ከላላ ሄድኩ። እዚያ ባለው ቢሮአችን አንድ እግሩን ልምሻ የመታው የመዝገብ ሠራተኛ በየጠዋቱ የድንጋይ ደረጃ ይወጣ ነበር፤ ኃላፊው ከታች ምቹ ክፍል ይዘዋል። አንድ እግሬን አጥፌ በነጠላ አስሬ ደረጃውን መዝለል ያዝኩ። ኃላፊው ሮጠው ወጡ። "ወይዘሮ፣ በቅሎዋ ጣለችዎት እንዴ?" አሉኝ። "የለም፣ ደረጃዎ ነው የጣለኝ" አልኳቸው። ሳይመሽ ከሠራተኛው ጋር ክፍል ተቀያየሩ።

የሥራ ዘመኔ ይህ ነበር። አሁን የቀረውን ልጻፍ።

ደምሴ በሞተ ጊዜ ድንኳኑ ውስጥ ሦስት ቀን ተቀመጥኩ። ሰው ይመጣል፣ ይናገራል፣ ያለቅሳል። ድምፅ ይደርሰኛል፤ ቃል አይደርሰኝም። ዘይነባ እግሬ ሥር ተቀምጣ ነበር። "አብሽሪ፣ አላህ ሶብሩን ይስጥሽ" አለችኝ። ጉልበቷ ላይ ወረቀት እንደነበረ አይቻለሁ፤ ምን እንደምታደርግ ግን አልጠየቅሁም።

አርባው ካለፈ በኋላ አንድ ማህደር ይዛ መጣች። ሽፋኑ ላይ በዚያ በሚያምር እጇ የደምሴን ስም ጽፋለች። ሦስቱን ቀን በድንኳኑ የተባለው ሁሉ ውስጡ አለ።

"የሰፈሩ ቄስ፦ የደጀ ሰላሙን መድረክ ዝቅ አድርጎ የሠራው አሮጊቶች እንዳይቸገሩ ብሎ ነው።"

"አንዲት ሴት፣ ስሟን አላወቅሁም፦ ልጄ የምትሄደው እሱ በጠረበላት ምርኩዝ ነው።"

"እዚህ ላይ ሁለት ሰዎች ባንድ ጊዜ ተናገሩ፤ አመለጠኝ።"

"እዚህ ላይ ተናጋሪዋ አፏን በነጠላ ሸፈነች፤ አላየሁም።"

"ዘይነባ፦ ሰው በሬን ሲከፍት የማውቀው በእሱ እንጨት ነው።"

እያንዳንዱ ገጽ ቁጥር አለው። በቀን አንድ ገጽ አነባለሁ፤ አንድ ገጽ እጽፋለሁ። ያመለጣትን እየዞርኩ ሰዎቹን እጠይቃለሁ፤ ሁለቱን አግኝቻቸዋለሁ።

ከማህደሩ ጋር የመውጫ ካርድ አያይዛለች። የወሰደችው በሚለው ላይ ስሜ አለ። የምትመልስበት ቀን የሚለውን ባዶ ትታዋለች። ፈርሜበታለሁ።